አጎቴን የገደልኩበት ጨዋታ

አጎቴን የገደልኩት ቅዳሜ ጠዋት፣ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ፣ ባንኮኒ ተደግፌ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነው። አትደንግጡ፤ የገደልኳቸው በአፌ ነው። ክፋት ኖሮኝም አይደለም። ጋሽ በላቸውን እወዳቸዋለሁ፤ ከእሳቸው ሌላ ዘመድ የሚባል የለኝም። ግን ሰው ሲጨንቀው የሚገድለው የቅርቡን ነው፤ የሩቁን ቢገድል ማን ያዝንለታል?

ጭንቀቴን ልንገራችሁ። በማግስቱ እሁድ ቡድናችን ናዝሬት ሄዶ ይጫወታል። ቡድናችን የምለው ስሙ ጠፍቶኝ አይደለም። በዚያ ዘመን የቡድን ስም ዛሬ ተሰጥቶ ነገ ይቀየራል፤ አንዱን ለምደን ስንጮህ ሌላ ሆኖ ይጠብቀናል። ስለዚህ እኛ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሰዎች «ቡድናችን» ብለን ተገላገልን። ይሄ ቡድናችን ናዝሬት ላይ ካሸነፈ ይተርፋል፣ ካላሸነፈ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ደግሞ እኔ ካልሄድኩ አያሸንፍም ብዬ የማምን ሰው ነኝ። የቀረሁባቸውን ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፏል። የሄድኩባቸውንም ቢሆን አብዛኛውን ተሸንፏል፣ እሱ ግን የዳኛ ጉዳይ ነው።

ታዲያ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ነው። ከስብሰባ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ደጋግሞ የቀረ ደግሞ ከስኳር ማጣት የባሰ ነገር ያገኛል። ከአዲስ አበባ ለመውጣትም የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ወረቀቱን የሚፈርመውም ያው ስብሰባውን የሚመራው ሊቀመንበር ነው። እንግዲህ ሰፊው ሕዝብ ሲደራጅ «እኔ ኳስ ላይ ነኝ» ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅ ጀግና ካለ ይምጣና ልየው።

ይሄን እያብሰለሰልኩ ማኪያቶዬን ሳማስል ሊቀመንበሩ ራሱ ገባ። ካኪው እንደ ሁልጊዜው ተተኩሷል።

«ጓድ፣ ነገ እንዳትቀር» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

«ነገ እንኳ አልችልም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ምን ሆነህ?»

በቀበሌያችን ከስብሰባ የሚያስቀር ምክንያት አንድ ብቻ ነበር። ሕመም አያስቀርም፤ በሽተኛ ተደግፎ ይመጣና ከኋላ ይቀመጣል። ሠርግ አያስቀርም፤ ሙሽራም ቢሆን መጀመሪያ አጀንዳውን ይጨርሳል። ለቅሶን ግን አብዮቱም አልደፈረው።

«አጎቴ አረፉ» አልኩ። «ናዝሬት።»

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ውሸታም ግን ፍሬን የለውም። «እንደ አባት ያሳደጉኝ ናቸው» ብዬ ጨመርኩ። ይሄም አልበቃኝም። «አባቴን አላውቅም፣ እሳቸውን ነው የማውቀው። አባቴ ናቸው ማለት ይቻላል።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ አፋፉንም አልፎ ገደል ገባ።

ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር… ማለቴ ትግሉ ያጥናህ» አለኝ። ጥቂት አሰበና «ናዝሬት ነው ያልከው? ነገ?» ብሎ ጠየቀ። ዓይኑ ብልጭ ሲል አይቻለሁ። እኔ ሐዘኔታ መሰለኝ።

«ለመሆኑ ማን አረዳህ?»

«በስልክ ነው የሰማሁት።»

«በስልክ!» ብሎ ጮኸ፤ የኬክ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞረ። «ያለ ሽማግሌ? መርዶ በስልክ? እኛ እያለን? በል ሂድ፣ ወረቀቱን ነገ ማለዳ እኔው ራሴ ቤትህ ድረስ አመጣዋለሁ።»

በደስታ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። እየዘለልኩ ስሄድ ግን አንድ ነገር ታሰበኝ። ነገ ማለዳ ሊቀመንበሩ ሲመጣ ዓይኔ ቀልቶ ካላየኝ ምን ይላል? ስለዚህ አትክልት ተራ ወረድኩና አንዲት ነጋዴ ፊት ቆሜ አንድ ራስ ሽንኩርት ጠየቅሁ።

«አንድ ኩንታል?»

«አንድ ራስ።»

ሴትዮዋ ሽንኩርት በጆንያ እንጂ በፍሬ የሚገዛ ሰው አይተው አያውቁም መሰለኝ ከራሴ እስከ እግሬ ለኩኝ። «ለምን ወጥ ነው?»

«ለለቅሶ ነው» አልኩ ሳላስበው። አዘኑልኝና መርጠው በነፃ ሰጡኝ። ሲሰጡኝ እንኳ ዓይኔ ተቃጠለ፤ ደህና ዕቃ ነበር።

እሁድ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሊቀመንበሩ ብቻውን አይደለም። የዕድራችን ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከኋላው ተደርድረዋል። በወጉ መርዶ ሊያረዱኝ መጥተዋል! ራሴ ፈጥሬ፣ ራሴ አውርቼ፣ ራሴ የላክሁትን መርዶ ተቀምጬ ልሰማ ነው።

«ልጄ፣ እስቲ ተቀመጥ» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። ተቀመጥኩ። «ይህች ዓለም መቼም ለማንም አትሆን…»

«ወየው! ጋሼን!» ብዬ ጮህኩ፤ ሽንኩርቷን በመሐረብ ጠቅልዬ ዓይኔ ላይ አድርጌያታለሁ።

ሽማግሌው ተቆጡ። «ኧረ ቆይ! ገና ስማቸውን መች ጠራን? ሥርዓት አለው እኮ!»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ከመጀመሪያው ጀመሩ። ስም ሲጠራ በሥርዓቱ ጮህኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያን ዕለት ያማረ ለቅሶ አልቅሼ አላውቅም፤ አንዱ ሽማግሌ «ይሄ ልጅ አንጀት ይበላል» ሲሉ ሰምቼ ኩራትም ተሰማኝ።

ያን ጊዜ ነው ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ጩኸት የተሰማው። በእኛ ሰፈር ግድግዳ ማለት ስሙ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የምንለው ከአልጋችን ሳንነሳ ነው። የጮሁት ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ናቸው። እሳቸውና ጋሽ በላቸው፣ ጋሼ ለሥራ ናዝሬት ሳይገቡ በፊት፣ እዚሁ አብረው ያደጉ ናቸው፤ ሰፈሩ እንደሚያወራው ከሆነ አብሮ ከማደግ ትንሽ ያለፈ ነገርም ነበረው። «በላቸው! ሳታየኝ?» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። የእሳቸው እንባ የአትክልት ተራ አይደለም።

ይሄ ሳያንስ ከደጅ የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ። «ዕድርተኛ ስማ! ናዝሬት ላይ ለለቅሶ ትወጣ ዘንድ! አውቶቡስ ከመንገዱ ዳር ቆሟል!»

«አውቶቡስ?» አልኩ።

«ብቻህን ልንልክህ ነው እንዴ?» አለ ሊቀመንበሩ ትከሻዬን አቅፎ። «እንደ አባት ያሳደጉህን? ስብሰባው ተላልፏል። ይለፉንም የሁላችንም በአንድ አድርጌዋለሁ።»

የአራዳ ነኝ ባይ መጨረሻው ይሄ ነው። ኳስ ለማየት ብዬ አንድ ሰው ገደልኩ፤ አሁን አንድ ሰፈር ሙሉ ሬሳውን ሊያይ ተነስቷል። ሬሳው ደግሞ በዚህ ሰዓት ናዝሬት ቁጭ ብሎ ቁርሱን እየበላ ነው። የዕድራችን ደንብ ብዙ ነገር ላይ ያከራክራል፣ አንድ ነገር ላይ ግን አያከራክርም፦ በውሸት ሞት ዕድርተኛ ያስወጣ ይባረራል። ከዕድር ተባርሮ የሞተን ሰው ደግሞ ማን ያነሳዋል? ጋሽ በላቸው እንኳ እንዳያነሱኝ፣ እሳቸውን ገድያቸዋለሁ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ነገር ለለቅሶ የሚሆን ነው። ንፍሮው በጆንያ ተጭኗል። ጥሩንባ ነፊው ጥሩንባውን እንደታቀፈ ከፊት ተቀምጧል። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መንገዱን ሙሉ ይነፋረቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ፤ ቆላ እየወረድን ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ አንድም ወንድ ጋቢውን አላወለቀም። ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል፣ ጋቢው ግን እስከ አንገት ነው። ሐዘናቸው እንዲህ መክበዱ ነካኝና ተሸማቀቅሁ።

ከዚያ በፊት፣ ገና ቃሊቲ ኬላ ላይ፣ አንድ ወታደር ገብቶ ነበር። «ወዴት ነው ይሄ ሁሉ ሰው?»

«ለቅሶ» አለ አውቶቡሱ በአንድ ድምፅ።

«ሐዘንተኛው ማነው?»

ጣት ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ። ወታደሩ ፊቴ ድረስ ጎንበስ ብሎ መረመረኝ። ሽንኩርቷን ጨመቅ አደረግኋት። እኔ ሳለቅስ እሱም ዓይኑን መጥረግ ጀመረ፤ ያቺ ሽንኩርት ለሁለት ሰው የምትበቃ ነበረች። «እለፉ» አለ አፍንጫውን እየሳበ፣ «እኔም አጎቴ ነው ያሳደገኝ።»

ናዝሬት ስንገባ የጋሽ በላቸው ሰፈር ጭር ብሏል። ድንኳን የለም። ሰው የለም። በሩ ተቆልፏል፣ ደጃፉ ላይ አንዲት ዶሮ ትጭራለች። የአውቶቡሱ ሰው በሙሉ ወርዶ መጀመሪያ በሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። እኔ ዶሮዋን አየኋት።

ከጎረቤት አንዲት ሴት ብቅ አሉ። «ጋሽ በላቸውን ፈልጋችሁ ነው? ስታዲየም ናቸው።»

«አስከሬናቸው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «ኧረ ሁለመናቸው!»

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ለመንኳት፣ የናዝሬት መሬት ደግሞ ደረቅ ነው። ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ጓዶች! ለቅሶ ማለት ሟች ካለበት መድረስ ነው። ሟች ስታዲየም ከሆነ እኛም ስታዲየም ነን!»

«ትክክል!» አሉ ሁሉም። በስብሰባ እንኳ እንዲህ ያለ ስምምነት አይቼ አላውቅም። እያወቀ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ የዶሮ ማነቂያ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ስታዲየሙ በር ላይ ደርሰን ጋቢዎቹ ሲገለጡ ምን ብመለከት ጥሩ ነው? ማሊያ! የቡድናችን ማሊያ! «ሥርዓት አለው» ብለው የተቆጡኝ ትልቁ ሽማግሌ የአጥቂያችንን ቁጥር ለብሰዋል። ሊቀመንበሩ የካኪውን ቁልፍ ሲፈታ ከሥሩ ያው ማሊያ አለ። ለዚህ ጨዋታ ዘመዴን የገደልኩት እኔ ብቻ፣ ሐዘንተኛ ነኝና ጥቁር ኮት ለብሼ ቆሜያለሁ።

«ያውቁ ነበር?» አልኩት ሊቀመንበሩን።

«ከኬክ ቤቱ ጀምሮ! ከቃሊቲ ወዲህማ በሽንኩርትህ ሽታ አይደል እንዴ ራሴን ያመመኝ» አለኝ። «እኔስ ሰው አይደለሁም? ናዝሬት የምገድለው ዘመድ ስለሌለኝ ነው እንጂ! አንተ ስትገድልልኝ ዝም ልበል?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ውስጥ ለለቅሶ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እትዬ ዘነበች። እሳቸው ጋቢም ማሊያም አልታያቸውም፤ ሳጥን ነው የሚፈልጉት።

ባገሩ ሁሉ የእንግዳ ደጋፊ ቦታ ፀሐይ የምትመታበት ነው፤ እዚያ አጎሩን። ጨዋታው ተጀመረ። እትዬ ዘነበች ከጎኔ ተቀምጠው እጄን ይጎትታሉ።

«መቼ ነው የሚያወጡት?»

«እረፍት ላይ፣ እትዬ።»

«ቄሶቹስ?»

ሦስቱን ጥቁር ለባሽ ዳኞች አሳየኋቸው። ይሄን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ። ግን በዚያን ሰዓት አጥቂያችን ኳስ ይዞ እየሄደ ነበር።

ከእረፍት በኋላ ነው ነገሩ የፈነዳው። ከማዶ፣ ከጥላው ወገን፣ ከባለሜዳዎቹ መሐል አንድ ድምፅ ዳኛውን ከነዘር ማንዘሩ ይረግማል። እትዬ ዘነበች ቀጥ አሉ። «ያ የበላቸው ድምፅ ነው» አሉና ተነሱ። ላስቆማቸው ብል የት ተገኝተው! ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ የሜዳውን ዳር ይዘው ዙሩን ተያያዙት፣ እኔ ከኋላ ከኋላ። ደጋፊው የቀብር አጃቢ መስለነው መንገድ ይለቃል።

ጋሽ በላቸው ጀርባ ደረስን። በዚያችው ቅጽበት አጥቂያችን አምልጦ ወደ ጎል ሲበር፣ ጥሩንባ ነፊያችን በደስታ ራሱን ስቶ ጥሩንባውን ነፋ። ሰውየው የሚያውቀው ዜማ አንድ ብቻ ነው፤ የሞት። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ባለሜዳዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በረኛቸውም ዕድርተኛ ነው መሰለኝ፣ የማን ሰፈር ይሆን ብሎ ጆሮውን አቆመ።

ጋሽ በላቸውም ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ነፍስ ይማር፤ ማን ይሆን የሞተው?» አሉ።

«አንተ ነሃ!» አሉ እትዬ ዘነበች።

ጋሽ በላቸው ዞሩ። እትዬ ዘነበችን አዩ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፣ ከኋላ ጥቁር ኮቴን አዩ። ከማዶ የእኛ ሰዎች ጩኸት ስታዲየሙን አናወጠው። ኳሷ ገብታለች። ጎሏን አላየኋትም፤ ለዚህች ጎል የከፈልኩትን እያወቃችሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር።

«ዘነበች» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው፣ «እስካሁን እንኳ አልሞትኩም። ይሄ ዳኛ ግን እየሞከረ ነው።»

እትዬ ዘነበች በነጠላቸው ጫፍ ደረታቸውን ደበደቧቸው። «እንባዬን መልስልኝ! ጉሮሮዬ እስኪዘጋ! አንተ አረመኔ!» ይሉና ያለቅሳሉ፣ ያለቅሱና ይስቃሉ። ጋሼ ሳይከላከሉ ቆመው ተደበደቡ። «ለእኔ ነው ይሄ ሁሉ?» ነው የሚሉት፣ ደጋግመው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ነገሩ ሁሉ ገብቷቸዋል፤ የአራዳ ልጅ ናቸው።

«ገደልከኝ። ይሁን፣ ልጅ ነህ» አሉኝ። «በሞቴ ግን ጎል ታገባብኛለህ?»

በዚያችው አንዲት ጎል አሸነፍን። ከጨዋታው በኋላ ጋሽ በላቸው አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ከእትዬ ዘነበች ጎን ተቀምጠው የራሳቸውን ንፍሮ በሉ። «ጨው አንሶታል» አሉ እያላመጡ። «ለሞቴ ጨው ነፈጋችሁኝ?»

ስንመለስ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ እኔን ማን ይከሰኛል? ከሳሾቼ ሁሉ ማሊያቸውን ለብሰው አንገታቸው እስኪያብጥ ሲጮሁ ውለዋል። ሊቀመንበሩ አውቶቡሱ ውስጥ ተነስቶ ውሳኔ ሰጠ። «ጓድ በላቸው ሞተዋል። ሞታቸው ጸድቋል። የጸደቀን ነገር መሻር የበላይ አካል ይጠይቃል፣ የበላይ አካል ደግሞ ኳስ አይወድም።» ተጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ዶሮ ማነቂያ ሲመጡ «የሟች ታናሽ ወንድም» እየተባሉ ነው። ብዙ ጊዜም ይመጡ ጀመር። ከእትዬ ዘነበች ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ አላፊ አግዳሚው «አይ መመሳሰል! ቁርጥ ወንድማቸውን» ብሎ ያልፋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዓመታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ያው ኬክ ቤት፣ ያው ባንኮኒ ላይ ቆሜ «ስልክ ላንተ ነው» ተባልኩ። ከናዝሬት፣ የጋሼ ጎረቤት ናቸው። ሌሊቱን፣ በእንቅልፋቸው፣ አሉኝ። ያለ ሽማግሌ፣ በስልክ።

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጋዜጣ ያነባል።

«ጋሽ በላቸው አረፉ» አልኩት።

ጋዜጣውን አጠፈና ፈገግ አለ። «ከማን ጋር ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«አይ አንተ! ነገ ናዝሬት ጨዋታ መኖሩንም አላወቅሁ።» ፊቴን አተኩሮ አየ። «ይሄ ግን አያሳምንም። ያኔ እኮ ምን የመሰለ ለቅሶ አልቅሰህ ነበር! ምነው፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት ጠፋ?»

እውነቱን ነው። አንዲት ጠብታ አልመጣልኝም። እትዬ ዘነበች የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ኖረው ድምፄን ሰምተው መጡ። ዓይኔን አዩ፣ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አወረዱና አዘቀዘቁት።

ሊቀመንበሩ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር ያጥናህ» አለኝ። አላረመውም።

በማግስቱ ያው አውቶቡስ፣ ያው ሰዎች፤ ከጋቢው ሥር ምንም የለም። ናዝሬት ድንኳኑ ተተክሎ ጠበቀን። መቃብሩ ዳር ሁሉም ያለቅሳል፣ እኔ ብቻ ደረቅ ዓይኔን ይዤ ቆሜያለሁ። አባት የሆኑልኝን ሰው እየቀበርኩ እንደ አላፊ አግዳሚ። ሰው ይንሾካሾካል። ሊቀመንበሩ ተጠግቶ አንድ ነገር መዳፌ ውስጥ ወሸቀልኝ። ሳየው ግማሽ ሽንኩርት ነው።

«ያዝ» አለኝ በጆሮዬ። «ሰው ምን ይላል።»

ጨበጥኩት። ወደ ዓይኔ ማስጠጋት አላስፈለገኝም።